ራስጌውን የያዘ እጅ

ነቀምቴ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ለድርቤ፤

አከም ጅርታ? ፈያዳ? ልጅሽ አሜንስ? ወንድምሽ ዋጋሪስ? የቢላ ብርድ አላስቸገረሽም? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ ወገቤንም እንደ ክፉ ዘመድ ችዬው እኖራለሁ። ሞረዳም ሰላም በያት ብሎሻል። የእሳት አደጋው ሞረዳ፣ ሌላ እንዳይመስልሽ።

ይኸን ሁሉ ጊዜ ሳልጽፍልሽ በመቅረቴ ይቅር በይኝ። የቢላ ስልክ ከሞተ መክረሙን አገር ያውቃል፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ግን አልሞቱም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ የአምቡላንሱን ስልክ እያነሳሁ «የት ነው? ስንት ሰው ነው? ይተነፍሳል?» ስል የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ከዚያ የረዘመ ነገር አልለመደብኝም።

በሚኒባሱ ሹፌር በአሻግሬ የላክሽው ወረቀት ደርሶኛል። ስለ ገለታ ሐውልት የጠየቅሽውን ሳነብ እንባዬ መጣ፤ እውነቴን ነው። ላንቺ ባልሽ ነበር፤ ለኔ ደግሞ ሹፌሬ። «ገለታ፣ አኖ መገንጠያው ላይ መኪና ተገልብጧል» ስለው የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ነበር የሚሮጠው። ከጣቢያው የጠፉት ብርጭቆዎች ሁሉ በሱ እጅ ነው የጠፉት፤ አፈሩ ይቅለለውና።

ግን ድርቤ፣ «ድንጋዩን እኔው አምጥቼ ላስቀምጥ» ስትዪ የእድራችንን ወግ የረሳሽው መሰለኝ። የሳይረን እድር እንደ ሰፈር እድር አይደለም። ጡረታ የወጣንም የተቀነስንም፣ የቀድሞ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ሰዎች ተሰብስበን ያቆምነው ነው። የኛ ሰው በባዕድ እጅ አይነሳም። ሲታመም ከድሮው መኪና ባስቀረናት ቃሬዛ እኛው እንሸከመዋለን፤ ሲሞትም እኛው። በሙት ዓመቱ ድንጋዩን የሚያስቀምጠው ደግሞ በሕመሙ ራስጌውን የያዘው እጅ ነው። ያልነካ አያስቀምጥም፤ ሚስትም ብትሆን፣ ልጅም ቢሆን።

ባንቺ ላይ ደግሞ ሌላም ነገር አለ፤ ታውቂዋለሽ። ጡረታ ወጥታ በሰላም ከተቀመጠችበት ለይቶ ማቆያው ሲጠራት ሄደች፤ በሽታውን ይዛ ገባች፤ ባሏን ገደለች፤ እሱን ያነሱትንም ጨረሰች ይላሉ። እኔ አላልኩም። የሚሉትን ነው የምነግርሽ። ከእድሩ ያስወጣሁሽም እኔ አይደለሁም፤ ሊቀመንበር ስለሆንኩ እጄን ያወጣሁት መጨረሻ ላይ ነው።

አሁን ግን መላ ተገኝቷል። ከአዲስ አበባ አጥኚዎች መጥተዋል። በፊት የድንገተኛ አደጋ ሠራተኛ ከነበረው ሰው መካከል በኮሮና የተያዘው ስንቱ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ከክንድ ደም ይቀዳሉ፤ ያመመውም ሳያመው ያለፈለትም ምልክቱ በደሙ ይቀራል አሉ። ነይና ደምሽን ስጪ። ደም አይዋሽም። ንጹሕ ሆነሽ ከተገኘሽ በሽታውን አላመጣሽም ማለት ነው፤ ያኔ ድንጋዩን ራስሽ ታስቀምጪያለሽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

አኖ ላይ መኪና ስትቀይሪ ሻንጣሽን ከእጅሽ አትልቀቂ።

እህትሽ የሺወርቅ


ቢላ፣ ግንቦት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.

የተከበሩ አዴ የሺወርቅ፤

ነጋ ጅርቱ? ወገብዎን ጌታ ይዳስስልዎ። እኛ ደህና ነን። ዋጋሪም ደህና ነው፤ አሜንም ከቁመቷ በላይ ምላሷ እያደገ ነው።

«ተቀይመሽኛል ወይ?» ብለው በአሻግሬ አፍ ለጠየቁኝ፤ አልተቀየምኩም። ቂም ጉልበት ይፈልጋል፤ የኔ ጉልበት የዋጋሪን ላሞች በማለብ ያልቃል። «በለቅሶው ጊዜ ለምን አንድ ቃል አልተነፈሽም?» ላሉትም፤ ምን ልበል? ድንኳኑ ውስጥ ወንበሬን ስታነሱብኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በሐዘን ቤት መሬት መቀመጥ ነውር ስላልሆነ ሰው ሁሉ ከሐዘኔ ብዛት መሰለው። ንፍሮውም ሲዞር እኔን ዘሎ አለፈ። የምታድለው ልጅ አቀርቅራ ነበር፤ ያዘዛት ሰው ግን ቀና ብሎ ነበር።

ለይቶ ማቆያው ሲጠራኝ የሄድኩት ነርስ ስለሆንኩ ነው። እርስዎ ደውለው ጠርተውኝ የቀረሁበት ቀን አለ? እዚያ ስንሠራ ከራስ እስከ እግር ተሸፍነን ነበር፤ ቤቴ ስገባም ልብሴን ደጅ አውልቄ በበረኪና ታጥቤ ነው። ይህን ሁሉ ያኔም ተናግሬ ነበር፤ የሚሰማኝ ጠፋ።

ደሜን እሰጣለሁ፤ ከፈለጋችሁ ከሁለቱም ክንዴ። ግን ይማሉልኝ። ድንጋዩ እዚህ ቢላ ተጠርቦ አልቋል። የገለታ ስም ከላይ፣ ከሥሩ ደግሞ «ባለቤቱ ድርቤና ልጁ አሜን» ተብሎ ተጽፎበታል። የዋጋሪን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ዶሮ ይሰፍርበታል። የመቃብሩ አፈር እየወረደ ነው አሉኝ። የሐምሌ ዝናብ ካገኘው ከጎረቤቱ መቃብር ጋር ይደባለቃል። አሜን «አባቴ የት እንዳለ ሳይጠፋብን» እያለች ነጋ ጠባ ትነዘንዘኛለች። እኔ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው፤ በባሌ መቃብር ላይ በገዛ እጄ ድንጋይ ማስቀመጥ። እድሩን መልሱልኝ አላልኩም። ሰላም በሉኝም አላልኩም።

ለሞረዳ ሰላምታዬን አድርሱልኝ። ስመጣ አንድ ነገር እንዲመሰክርልኝ እፈልጋለሁ፤ ምን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ድርቤ


ነቀምቴ፣ ግንቦት 21 ቀን 2013 ዓ.ም.

ድርብዬ፤

አይ አንቺ! ነገር እንደ ቅቤ አንጥረሽ ታስቀምጫለሽ እኮ። ወንበሩ የተነሳው እኮ ከኑኑ ቁምባ እንግዶች መጥተው ጎድሎብን ነው። ሰው ሐዘንተኛን ወንበር ይነሳል? ምን ዓይነት አረመኔዎች አደረግሽን? ንፍሮውንም ቢሆን ቀምሰሽ ምን ልትሆኚ ነበር፤ ስንዴው ጥሬ ነበር።

ይማሉልኝ ያልሽውን በኪዳነ ምሕረት እምልልሻለሁ፤ ደምሽ ንጹሕ ከሆነ እኔ አላግድሽም። ወረቀቱን አስቀምጪው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል።

ሞረዳን ደግሞ ትጠይቂኛለሽ። እንግዲህ ምን ልበልሽ። ሞረዳ ካረፈ ቆየ። በታኅሣሥ ነው። ሰላም ብሎሻል ያልኩሽ ውሸት አይደለም፤ ከመሞቱ በፊት ብሎሽ ነበር፤ እኔ ነኝ ማድረሱን ያዘገየሁት። ሞት በወረቀት አይረዳም ብዬ፣ ደግሞም መጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ክፉ ወሬ እንዳይሆን ብዬ ነው። ገለታን ካነሳ ወዲህ ያ ሳል አልለቀቀውም ነበር። በመጨረሻ ሦስት ደረጃ መውጣት አቅቶት፣ ያ ስንቱን ቆርቆሮ ጣሪያ እንደ ድመት ይወጣ የነበረ ሰው፣ በገዛ ደጃፉ እንደ ሕፃን ይቀመጥ ነበር። ሚስቱ እታገኝ ያንቺን ስም ስትሰማ ከቤት ትወጣለች። እንድታውቂው ነው።

ምን እንዲመሰክርልሽ እንደፈለግሽ አላውቅም። አፈር የገባን ማን ይጠይቀዋል? ዝም አይነቅዝም፤ አንቺም ተዪው።

አሻግሬ ሲመለስ ቦታ ይዞልሻል። ከፊት ወንበር።

የሺወርቅ


ቢላ፣ ሰኔ 29 ቀን 2013 ዓ.ም.

የተከበሩ አዴ የሺ፤

«ቤቴ ሳትገቢ፣ እህል ሳትቀምሺ ለምን ሄድሽ?» ብለው መቆጣትዎን ሰማሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። በርዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ሠራተኛዎ «እትዬ የሉም» ስትለኝ ከውስጥ እርስዎ «የለችም በያት» ሲሉ ሰማሁ፤ ስለዚህ የሉም ብዬ ሄድኩ።

የሞተ ሰው ሰላምታ ላኩልኝ እኮ፣ አዴ! ያንን ደብዳቤ ያነበብኩ ቀን ለሞረዳ ብዬ የገዛሁትን ማር ይዤ ብዙ ቆምኩ። ኋላ አሜን በላችው።

ደም የተሰጠበትን ቀን ረስቻለሁ ብልዎ እዋሻለሁ። አግዳሚው ወንበር ላይ ጫፉ ላይ ስቀመጥ ሁላችሁ ወደ ሌላው ጫፍ ተጠጋችሁ፤ ወንበሩ ተንጋዶ ኦቦ እሸቱ ሊወድቅ ነበር። ሳቄን በማስኬ ዋጥኩት። ያቺ ደም የምትቀዳው ልጅ፣ ሊሊሴ፣ «እማማ፣ አብራችሁ ሠርታችኋል?» ስትለኝ «አዎ፣ ዕድሜያችንን» አልኳት። እናንተን አየች፣ እኔን አየች፣ ክንዴን አሰረች። ዓመት ሙሉ ከእድሩ ሰው የነካኝ ባይኖርም እሷ ነካችኝ። ለዚያ ብቻ መምጣቴ አልቆጨኝም።

አሁን የምሥራቹን ልንገርዎ። እዚህ ዳገቱ ላይ የወጣ ሰው አንዳንዴ ኔትወርክ ያገኛል። አሜን ትናንት ወጥታ የሊሊሴን መልእክት ይዛ ስትወርድ ጫማዋ አንዱ ወልቆ ቀርቶ ነበር። ደሜ ንጹሕ ነው! በሽታው ያለፈበት ምልክት የለም። የሌለኝን ከየት አምጥቼ ለገለታ እሰጠዋለሁ? አላመጣሁትም፣ አዴ። አልገደልኩትም። ለዓመት ያህል ሌሎቹ ሲሉት ራሴም ማመን ጀምሬ ነበር፤ በረኪናው አንሶ ይሆን፣ ፀጉሬን ሳልታጠብ ቀርቼ ይሆን እያልኩ ስቆጥር አድራለሁ። ዛሬ እንቅልፍ ተኛሁ።

ይህን ደብዳቤ በእድሩ ስብሰባ ላይ ያንብቡልኝ። ለእታገኝም ይድረሳት። ድንጋዩን በነሐሴ ይዤ እመጣለሁ። ዋጋሪ አይሱዙ አግኝቷል፤ ጭድ ጎዝጉዘን እናስተኛዋለን።

እልል በሉልኝ!

ድርቤ


ነቀምቴ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለድርቤ፤

እልልታሽ ደርሶኛል። ዝናቡ እንዴት ነው? እዚህ መንገዱን ሁሉ ጭቃ አድርጎታል። ገለታ መቃብር ላይ ሰው ልኬ አፈር አስጨምሬበታለሁ፤ አይዞሽ፣ ቦታው አልጠፋም።

እንዳልሽው ደብዳቤሽን በስብሰባ አነበብኩት። ከመጀመሪያው እስከ እልል በሉልኝ ድረስ። ድምፄ አሁንም የስልክ ድምፅ ነው፤ ከኋላ የተቀመጡት ሁሉ ሰምተዋል።

ከዚያ በፊት የሆነውን ልንገርሽ። የኛ ውጤት ቀድሞ መጥቶ ነበር። ካንቺ በቀር ሁላችንም ተይዘናል። አንድ ሰው አልቀረም! አልጋ ላይ ወድቆ የነበረውም፣ አንድ ቀን ያላስነጠሰውም። አጥኚዎቹ «ይህን ያህል የተያዘ ቡድን አላየንም» አሉ። መጀመሪያ ደነገጥን። ኋላ እሸቱ ተነሥቶ «ጎበዝ፣ ይኸ ማለት እኮ አንዳችንም ከጓደኛችን አልሸሸንም ማለት ነው» አለ። አጨበጨብን። ያለቀሰም አለ። ከጡረታ ወዲህ እንዲህ ኮርተን አናውቅም። ሊሊሴ የምትባለው ልጅ ግራ ገብቷት «እንኳን ደስ አላችሁ የሚባልበት አይደለም» ስትል ነበር፤ ልጅ ናት፣ አልገባትም።

በዚህ መሃል ነው ያንቺ ደብዳቤ የተነበበው። እታገኝ ተነሣችና «የኔ ባል ገለታን አንድ ጊዜ አንስቶ ሞተ። እሷ ሚስቱ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ክፍል፣ ንጹሕ ናት?» ብላ ተቀመጠች። ምን ትላታለሽ?

ይህ የሚሆነው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፣ ድርቤ። አልነካሽውም። ልናነሳው የገባን ቀን ጓንትሽን አጥልቀሽ፣ አፍሽን ሸፍነሽ፣ ግድግዳውን ተደግፈሽ ቆመሽ ነው ያገኘንሽ፤ ሁሉም ያስታውሳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። ገዳይ መባሉ ቀርቶልሻል፤ ደስ ይበልሽ። አሁን የሚሉት ሌላ ነው፤ ባሏን ብቻውን አስጨንቃ የገደለች ይላሉ። እኔ አላልኩም።

መሐላዬን ታነሺ ይሆናል። እኔ አላግድሽም ብዬ ነው የማልኩት፤ እኔም አላገድኩሽም። ያገደሽ ወጉ ነው። ያልነካ አያስቀምጥም። ቃሬዛውን ከራስጌ የያዘው ሞረዳ ነበር፤ እሱ የለም። ከሱ በፊት ግን ገብቼ ራሱን ያቃናሁት፣ ውሃ ያጎነጨሁት እኔ ስለሆንኩ ድንጋዩን እኔ እንዳስቀምጥ ተወስኗል። ደሜም መስክሮልኛል። እድሩ የራሱን ድንጋይ አሠርቷል፤ ያንቺ ስም የለበትም፤ ቦታ ጠብቦ ነው። ያንን ዶሮ የሰፈረበትን አታምጪው፤ ጭዱም ለከብቶቹ ይሁን።

አሜንን ሳሚልኝ።

የሺወርቅ


ቢላ፣ ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም.

የሺወርቅ፤

ሰላምታ የለኝም። ከዛሬ ጀምሮ አንቱም አልልሽም።

ራሱን አቃናሁት አልሽ? ውሃ አጎነጨሁት አልሽ? በየትኛው እጅሽ?

የዚያን ቀን ጠዋት ትንፋሹ ሲያጥረው ጓንቱንም ማስኩንም አውልቄ ወረወርኩት። ዕድሜ ልኬን የተማርኩትን ወረወርኩት። ቀና ሲል ነበር ትንሽ የሚተነፍሰው፤ አልጋው ላይ ወጥቼ ከጀርባው አቀፍኩት፣ ደረቴን ትራስ አደረግሁለት። ከብርጭቆው ጠጥቶ ያስተረፈውን ውሃ ጠጣሁት። አብሬው ልያዝ ብዬ ነው፤ አብሬው ልሂድ ብዬ። አልያዘኝም። በሽታው እንኳ አልፈለገኝም። ሊሊሴን ጠየቅኋት፤ «አንዳንዱን አጠገቡ ተኝቶም አይዘውም፣ አንዳንዱን ይዞት ደሙ ይረሳዋል፤ ያንቺ የትኛው እንደሆነ አናውቅም» አለችኝ። ደም አይዋሽም ትያለሽ። ደም የሚያውቀው ትንሽ ነው።

ከንፈሬ ጆሮው ሥር ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ምን እንዳደረግሁለት በኔና በሱ መካከል ነው፤ ለማንም አልነገርኩም፣ ላንቺም አልጽፈውም።

ቀና ስል በመስኮቱ አንቺንና ሞረዳን አየሁ። ነጠላሽን በአፍንጫሽ ላይ አፍነሽ ይዘሽ ነበር። ሞረዳ ሊገባ በሩን ሲገፋ ክንዱን ይዘሽ ጎተትሽው። ዓይን ለዓይን ተያየን። ሄዳችሁ። ኋላ ሰዎቹን ይዛችሁ ስትመለሱ ጓንቴን ያጠለቅሁት፣ ማስኬን ያደረግሁት፣ ግድግዳ የተደገፍኩት ለእነሱ ብዬ ነው፤ በሽታው ከገለታ ወደኔ ገብቶ ከሆነ እንዳላስይዛቸው። «ልበሱ፣ በባዶ እጃችሁ አትንኩት» ብዬ ለመንኳችሁ። «የሳይረን ሰው ጓደኛውን በጓንት አያነሳም» አላችሁኝ። አንቺ ያኔም ከደጃፉ አላለፍሽም። አንቺን የያዘሽ ከገለታ አይደለም። ወንበሬን ካነሳሽበት ድንኳን ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ልሰድብሽ አይደለም። ሞረዳ ከሞተ ያየኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው። አንድ ቃል ነው የምፈልገው። እድሩ ፊት ቆመሽ «አይቻታለሁ፣ ታቅፋው ነበር» በዪ። አፍሽን ከከበደሽ ሲጠይቁሽ ራስሽን ነቅንቂ። እኔ ለልጄ እንኳ አልተናገርኩም፤ እናቷ እሷን ትታ ልትሞት እንደፈለገች በምን አፌ እነግራታለሁ?

ድርቤ


ነቀምቴ፣ ሐምሌ 30 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለድርቤ፤

ደብዳቤሽ ከነቁጣው ደርሶኛል። አንቺ ማለትሽ አልከፋኝም፤ ልጅ አደረግሽኝ። ለሙት ዓመቱ ድንኳን፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ ስል እየተሯሯጥኩ ስለሆነ ረጅም መልስ አትጠብቂ። ላስብበት።

የሺወርቅ


ቢላ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2013 ዓ.ም.

የተከበሩ አዴ የሺ፤

ዲፈማ። ይቅር በሉኝ። አንቺ ማለቴ ነውር ነው፤ እናቴ ብትሰማኝ ትቀጣኝ ነበር። እንዴት ነዎት? ወገብዎስ?

ድንጋዩን እርስዎ ያስቀምጡ። ስሜም ይቅር። እድሩ ፊት ይናገሩልኝ ማለቱንም ትቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ እሱም የልጄ ነገር ነው። በአሻግሬ ሚኒባስ ውስጥ ሰዎች ሲያወሩ አሜን ሰምታለች። እናትሽ አባትሽን ከሩቅ ቆማ አየችው፣ ብቻውን ሞተ፣ ነው የሚሉት። መጥታ «እውነት ነው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ያልነገርኳት አንድ ነገር ቢኖር የራሴና የገለታ ነው። አላመነችኝም። «ታዲያ ለምን አልያዘሽም?» አለችኝ። አሁን እኔ የሰጠኋትን ሰሐን አትቀበለኝም፤ ከዋጋሪ ሚስት ጋር ትበላለች። ለይቶ ማቆያ ሠርቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ መለየት ግን አላየሁም።

ለሙት ዓመቱ ትመጣለች፤ እኔ አልመጣም፤ እንዳላሳፍራት። እርስዎን ትጠይቅዎታለች፤ ልጅ ናት፣ ቀጥ ብላ ነው የምትጠይቀው። ማንም ሳይሰማ፣ በጆሮዋ፣ «እናትሽ ታቅፋው ነበር» ይበሏት። በዚህ ምንም አይጎድልብዎትም። እኔ ግን ከርሷ ሌላ የቀረ ሰው የለኝም።

እግርዎን እስማለሁ።

ድርቤ


ነቀምቴ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ለድርቤ፤

አከም ጅርታ? ዋጋሪስ? ላሞቹስ? እኔ ሲሚንቶ ሳስቦካ ወገቤ ብሶበት ሦስት ቀን ተኝቼ ነው ሳልጽፍልሽ የቆየሁት፤ ይቅርታ።

ሙት ዓመቱ ያማረ ነበር። ፓስተሩ አጭር ተናገረ፤ እኛ የማርያም ሰዎችም ነጠላችንን አዘቅዝቀን ቆምን። ዝናቡ እንኳ እስክንጨርስ ታገሠን። ድንጋዩን ያስቀመጥኩት እሸቱ ወገቤን ደግፎኝ ነው። «ሕይወት አዳኙ ገለታ፤ ከሳይረን እድር ጓደኞቹ» ይላል። ሰው ሁሉ ተነካ። ቃሬዛዋንም አምጥተን ከድንጋዩ አጠገብ ፎቶ ተነሣን፤ አጥኚዎቹም አብረውን ተነሡ።

አሜን እንዴት ያለች ልጅ ወጥታለች! ቅንድቧ የአባቷ ነው። እንዳልሽው ቀጥ ብላ ጠየቀችኝ። ሰው እስኪበተን ጠብቃ፣ ጭቃው ላይ ቆማ፣ «አዴ የሺ፣ እናቴ አባቴን ነክታዋለች?» አለችኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ በዚያ ቀን አባትሽን ነው ያየሁት፤ ሌላ ሰው አላየሁም» አልኳት። አለቀሰች። እቅፍ አድርጌ ይዣት ቆየሁ። እንግዲህ ልጅ አይደለች፣ የሚያቅፋት ሰው ትፈልጋለች።

መቼ ትመለሳለች ብለሽ ለአሻግሬ የላክሽበትን ነግሮኛል። አትጠብቂያት። ትምህርቱ ሊጀመር ነው፤ ነቀምቴ ይሻላታል ተባብለን እኔ ዘንድ ቀርታለች። ራሷ ናት የፈለገችው። የቀረ ልብሷን በአሻግሬ ላኪላት፤ ሹራቡን እንዳትረሺ። ደብዳቤ ልትጽፊላት ብትፈልጊ በኔ በኩል ይሁን፤ አንብቤ እሰጣታለሁ።

መስኮት ምናምን ያልሽውን ደጋግሜ አሰብኩት። ሐዘን ብዙ ያሳያል፣ እህቴ። እኔ በዚያ ጠዋት በመስኮት አልነበርኩም። ነጠላም አላፈንኩም፤ የሞረዳንም ክንድ አልያዝኩም። ያላየሁትን አየሁ ብዬ በእርጅናዬ ኃጢአት አልገባም። ይህን ነገር ከእንግዲህ አታንሺብኝ፤ ልጅቷም ፊት እንዳታነሺው።

እንደ ታላቅሽ ግን አንድ ነገር ልምከርሽ፤ ለወደፊቱ ይጠቅምሻል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ጸጥታ ነው የሚፈልገው። ጆሮው ሥር ተለጥፈው፣ ድምፅ ዝቅ አድርገውም ቢሆን፣ መዝሙር አይዘምሩለትም፤ ያውም ያንን ሦስት ጊዜ የሚመላለሰውን።

እህትሽ የሺወርቅ